«ባግ» ከየት መጣ? የእሳት እራቷ፣ ትኋንና የሌሊት ግርማ

ጥያቄ፦ «ሶፍትዌር ፍተሻ ላይ አዲስ ሠራተኛ ነኝ። ስልጠና ላይ መምህራችን ‹ባግ› የሚለው ቃል የመጣው በድሮ ጊዜ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ ከሞተች ነፍሳት ነው አሉን። እውነት ነው? ደግሞ ቢሮ ውስጥ አንዱ ኤረር ይላል፣ አንዱ ባግ፣ አንዱ ግሊች። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሪፖርት ስጽፍስ የቱን ልጠቀም?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ «ባግ» በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው፤ በእኛ ሙያ ደግሞ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ጉድለት። መምህራችሁ የነገሯችሁ ግማሽ እውነት ነው። ነፍሳቷ በእርግጥ ነበረች። እንዲያውም ዛሬም አለች። ደርቃ፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ተለጥፋ፣ በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን የታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች። ቃሉ የመጣው ግን ከእሷ አይደለም። እሷ ስትያዝ ቃሉ ቢያንስ 69 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ያውም በጽሑፍ በእጃችን ያለውን ብቻ ስንቆጥር።

ከእሷ ልጀምር። ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑ ሴፕቴምበር 9፣ 1947 ነው። ቦታው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ። ማርክ ቱ የሚባል፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራ ግዙፍ የስሌት ማሽን እየተፈተሸ ነው። ያኔ ቺፕ የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ የሚያሰላው በሪሌይ ነው። ሪሌይ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ በለው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔቱ ብረቱን ይስብና ሁለት ጫፎች ይነካካሉ። ሲቋረጥ ይለቃቸዋል። መሃላቸው የሆነ ነገር ከተሰነቀረ ጫፎቹ አይነካኩም፣ ስሌቱም ይበላሻል።

የዚያ ቀን የሥራ መዝገብ ገጽ ፎቶው በየቦታው አለ፤ ጊዜ ስታገኝ ፈልገህ እየው። ተራ መዝገብ ነው። በእኛ ሰዓት ልንገርህ። ከጠዋቱ 2:00 ማሽኑ ሥራ ጀመረ። 5:00 ላይ የሳይንና የኮሳይን ፍተሻ አለ። 9:25 ላይ የማባዛትና የመደመር ፍተሻ ተጀመረ። 9:45 ላይ «ሪሌይ ቁጥር 70፣ ፓነል ኤፍ» ይልና በቅንፍ «የእሳት እራት» ተብሎ ተጽፏል። ሟቿም እዚያው ገጹ ላይ ተለጥፋለች። ከሥሯ በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አለ፦ «ባግ በእውን ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።» ከዚያ ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ 11:00 ላይ ማሽኑን ዘግተው ወጡ።

እዚህ ጋ «በእውን» የምትለዋን ቃል ያዝልኝ። ሰዎቹ ቃል እየፈጠሩ አይደለም፣ እየቀለዱ ነው። በየቀኑ «ባግ አለበት፣ ባጉን እንፈልገው» ሲሉ የከረሙ ሰዎች አንድ ቀን ክንፍና እግር ያለው ባግ እጃቸው ላይ ወደቀ። ቀልዱ የሚያስቀው ቃሉ ቀድሞ ስለነበረ ነው። ባይኖር ኖሮ መዝገቡ ላይ የሚቀረው «ነፍሳት ተገኘች፣ ተወገደች» የሚል ደረቅ ማስታወሻ ብቻ ነበር።

ታዲያ ወሬው እንዴት እንዲህ ተዛመተ? ግሬስ ሆፐር ናት ምክንያቷ። ሆፐር በማሽኑ ላይ ይሠሩ ከነበሩት አንዷ ናት። ኮቦል ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሠረት ከጣሉትም ትቆጠራለች። ከባሕር ኃይል ጡረታ የወጣችው በ1986፣ በ79 ዓመቷ፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ነው። ታሪክ መንገር ትችልበታለች። በየንግግሯ የእሳት እራቷን ታነሳ ነበር፣ አድማጭም ይወድላት ነበር። ነገር ግን ነፍሳቷን ያገኘችው ሆፐር አይደለችም፤ በተገኘችበት ሰዓትም እዚያ እንዳልነበረች ራሷ ተናግራለች። ዓመቱን አንዳንዴ 1945 እያለች ስለምትጠራው ብዙ ጽሑፍ እስከ ዛሬ 1945 ይላል። በ1945 ማርክ ቱ ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ 1945 የሚል ካየህ ጸሐፊው ከሌላ ሰው እንደገለበጠ እወቅ።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ቶማስ ኤዲሰን አምፖሉን ከማውጣቱ በፊት የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። በማርች 1878 ዌስተርን ዩኒየን የተባለው የቴሌግራፍ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለነበረው ለዊሊያም ኦርተን ደብዳቤ ይጽፋል። ኦርተን በስልኩ ላይ ችግር አለ ብሎት ኖሮ፣ «በከፊል ልክ ነህ፣ መሣሪያዬ ውስጥ ባግ አግኝቻለሁ፤ ስልኩ ራሱ ላይ ግን አይደለም» ይለዋል። ቀጥሎ ቀልዱን ይጨምርበታል። ነፍሳቱ «ካልቤለም» ከሚባል ዝርያ ነው፣ በስልክ መጥሪያዎች ሁሉ ውስጥ ለኑሮ የሚመች ቦታ ያገኘ ይመስላል ይላል። ቃሉ ላቲን እንዲመስል አድርጎ የፈጠረው ነው፤ «የመጥሪያ ደወል» ከሚለው እንግሊዝኛ። ልብ በል፣ ከሃርቫርዶቹ 69 ዓመት በፊት ኤዲሰን ያንኑ ቀልድ ቀልዶታል።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አውሮፓ ውስጥ ለሚሠራለት ለቴዎዶር ፑሽካሽ የጻፈው ደግሞ ከፌዝ የራቀ ነው። የፈጠራ ሥራው ሁሉ እንዴት እንደሚሄድ ይነግረዋል። መጀመሪያ ሐሳቡ በድንገት ይመጣል። ከዚያ ችግር ይከተላል፣ ይህኛው እምቢ ይላል፣ ያኛው ይበላሻል። «ባጎች» ብቅ የሚሉት ያኔ ነው ይላል፤ አክሎም «ትንንሽ ጉድለቶችና እንቅፋቶች እንዲህ ነው የሚባሉት» ብሎ ያብራራል። ከዚያ በኋላ ወራት የሚፈጅ ክትትል፣ ጥናትና ልፋት ይጠይቃል። «የሚባሉት» ማለቱ ቃሉን እሱ እንዳልፈጠረው ያሳይሃል፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ የሚነገር ቃል ነበር። ፍተሻ ላይ ሁለት ሳምንት የከረመ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ስለ እኔ ነው የጻፈው ይላል።

በ1889 ፖል ሞል ጋዜት የተባለው የለንደን ጋዜጣ፣ ኤዲሰን ፎኖግራፍ በሚባለው የድምፅ መቅጃ መሣሪያው ውስጥ «ባግ» ሲፈልግ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንዳላየ ጻፈ። የለንደን አንባቢ ቃሉን በዚህ ትርጉሙ ስለማያውቀው ጋዜጣው ያስረዳል፦ አንድ ምናባዊ ነፍሳት መሣሪያው ውስጥ ተሸሽጎ ችግሩን ሁሉ እየፈጠረ ነው እንደማለት ነው ይላል። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ቃሉ ከቴሌግራፍና ከስልክ ሰዎች ወደ ሌሎች መሐንዲሶች ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር መሣሪያ ብልሽት ሁሉ ይነገር ነበር። «ዲበግ ማድረግ» (ባግን ፈልጎ ማስወገድ) የሚለው ግስም በ1945 በአንድ የእንግሊዝ የበረራ ሙያ መጽሔት ላይ ስለ አውሮፕላን ሞተር ተጽፎ ይገኛል። ስለ ኮምፒውተር አልነበረም። ኮምፒውተር ሲመጣ ስሙንም ግሱንም ወረሳቸው።

ከኤዲሰን በፊትስ? እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህኛው ክፍል ነው። «ባግ» በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት የሆነው ከ1600ዎቹ ወዲህ ነው፤ በተለይም ትኋን። ከዚያ በፊት ትርጉሙ ሌላ ነበር። የሚያስፈራ መንፈስ፣ ጭራቅ፣ ልጅ ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣልህ» እንደምንለው ዓይነት ማስፈራሪያ። በ1535 ማይልስ ከቨርዴል ያሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ ሙሉ ሆኖ የታተመ የመጀመሪያው ነው። እዚያ ውስጥ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ብሎ የሚጀምረውን መዝሙር ፈልግ፤ በእኛ ዳዊት 90ኛው ነው። እኛ «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም የምንለውን ከቨርዴል «ከሌሊት ባጎች» ብሎ አስቀምጦታል። ስለዚህ ያ እትም በወዳጅ ቀልድ «የባግ መጽሐፍ ቅዱስ» ይባላል። በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም «ሽብር» በሚል ቃል ተካው። ግርማ ሌሊትን የሚፈራ አያት ያሳደገው ሰው ከቨርዴል ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ጨለማ ውስጥ ያለ፣ የማታየው፣ ግን እንዳለ የምታውቀው ነገር።

የመንፈሱ «ባግ» እና የትኋኑ «ባግ» አንድ ቃል ናቸው ወይስ ሁለት? የቃላት ታሪክ አጥኚዎች እስካሁን አልተስማሙም። ሌሊት ተደብቆ ስለሚመጣ ትኋን የመንፈሱን ስም ወረሰ የሚል ግምት አለ። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። በተከራየው ክፍል ከትኋን ጋር ያደረ ሰው አይከራከረኝም።

አሁን ወደ ሥራህ እንመለስ፤ ምክንያቱም የቃሉ ታሪክ እዚያ ላይ ነው ጥቅሙ። ቃሉ ከመንፈስም ይምጣ ከነፍሳት፣ አንድ ጠባይ ይዞ መጥቷል። ባግ ከውጭ የሚገባ ነገር ነው። ማንም አልሠራውም፣ ሾልኮ ገባ። የሆላንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ይህ ነገር ያናድደው ነበር። በ1988 በጻፈው አንድ ጽሑፍ «ባግ» ማለት ትተን «ስህተት» እንበል አለ። ምክንያቱም ፕሮግራመሩ ሳያየው ተንኮለኛ ነፍሳት ገባ ማለት ውሸት ነው፤ ስህተቱን የሠራው ራሱ ፕሮግራመሩ ነው። ቃሉን ስትቀይር ሌላም ነገር ይቀየራል ይላል። አንድ ባግ ብቻ ያለበት ፕሮግራም «ትክክል ለመሆን ትንሽ የቀረው» ነበር። ስህተት ያለበት ፕሮግራም ግን በቃ የተሳሳተ ነው።

እኛ አገር ይህ በደንብ ይገባናል። ባንክ ሄደህ ከሰልፉ ጫፍ ስትደርስ «ሲስተም የለም» ትባላለህ። ማን አጠፋው? ለምን ጠፋ? መቼ ይመጣል? መልስ የለም። ሲስተም እንደ ዝናብ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። «ሰይጣን አሳስቶኝ» ከሚለውም ብዙ አይርቅም።

ያም ሆኖ ከዳይክስትራ ጋር እስከ መጨረሻው አልሄድም። ቢሮ ውስጥ ስትሠራ ታየዋለህ። ለሥራ ባልደረባህ፣ በተለይ ከአንተ በዕድሜ ለሚበልጥ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ማለትና «ጋሼ፣ አንድ ባግ አግኝቻለሁ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ኩርፊያ ያመጣል፤ በሁለተኛው ሁለታችሁም ስክሪኑ ላይ አፍጥጣችሁ አብራችሁ ትፈልጋላችሁ። ቃሉ ጥፋተኛውን ይሸሽጋል፣ እውነት ነው። ግን ሰው ጥፋቱን ሳይደብቅ እንዲያሳይም ያደርጋል። እኔ በንግግር ባግ እላለሁ፣ መንስኤ ስመረምር ግን ስህተቱን የማንና የምን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይህ፣ ከቀን አቆጣጠራችን የወጣ ነው። የልደት ቀን ከፈረንጅ ወደ እኛ የሚቀይር ፕሮግራም አለ እንበል። የጻፈው ልጅ «ልዩነቱ 8 ዓመት ነው» ብሎ አሰበ። ይህ ኤረር ነው፤ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ስህተት። ከዚያ ኮዱ ውስጥ «ከዓመቱ 8 ቀንስ» የሚል መስመር ጻፈ። ባግ ማለት ይህ መስመር ነው፤ በሙያው መጻሕፍት ዲፌክት ይሉታል። መስመሩ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። በየካቲት የልደት ቀን ፈተሽከው፣ ፌብሩዋሪ 2018 የተወለደ ልጅ 2010 ዓ.ም. ብሎ ትክክሉን አወጣ። አለፈ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን ልዩነቱ 8 ሳይሆን 7 ነው። ኦክቶበር 2017 የተወለደች ልጅ መውጣት ያለባት ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ 2009 ብሎ አንድ ዓመት ያስረጃታል። ትምህርት ቤት ለመመዝገብ የመጣችው እናት ስክሪኑ ላይ የምታየው የተሳሳተ ዕድሜ ፌይለር ይባላል። ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው እነዚህን ሦስቱን ነው። ስህተቱ ሰውየው ላይ፣ ባጉ ኮዱ ላይ፣ ብልሽቱ እናትየዋ ፊት። (የ13ኛዋን ወር፣ የጳጉሜን፣ ጉድ አታስነሳኝ። 12 ወር ብቻ የሚቀበል ፎርም ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ምን ብሎ ይሙላው?)

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ስክሪን ላይ በቀይ የሚወጣውን መልእክትም ሰዎች ኤረር ማለታቸው ነው። እሱ መልእክት ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ በትክክል እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ የይለፍ ቃል ስትሳሳት «ተሳስተሃል» የሚልህ ፕሮግራም ምንም ባግ የለበትም።

ግሊች ሌላ ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ አጥኚዎች ከጀርመንኛና ከዪዲሽ (የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ)፣ «ማዳለጥ» ከሚል ግስ የመጣ ነው ይላሉ። በ1940 አካባቢ የአሜሪካ ሬዲዮ ተናጋሪዎች አፋቸውን ክፉኛ ሲያዳልጣቸው ግሊች ይሉት ነበር። በ1950ዎቹ የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ስክሪን ላይ ለሚታይ የኤሌክትሪክ መረበሽ ተጠቀሙበት። ሕዝቡ ዘንድ ያደረሰው የጠፈር ጉዞ ነው። ምድርን በመዞር የመጀመሪያው አሜሪካዊ የሆነው ጆን ግሌን በ1962 ቃሉን ሲያብራራ፣ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ድንገት የሚፈጠር የቮልቴጅ ዝላይ ነው ብሏል። ስለዚህ ግሊች መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። አዳልጦት ተነሳ እንደማለት። መንስኤው ገና ካልታወቀ፣ ደግመህ ስትሞክረው ካልታየ፣ ግሊች ብትል ያስኬዳል። ግን መንስኤው ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ተራ ባግ ሆኖ ይገኛል።

የቃሉ ልስላሴ አንዳንዴ ያሳስታል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሳለህ። ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፣ የወጣውንም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ብሎ ገለጸ፣ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። የውጭ ዜና አውታሮች በርዕሳቸው «ግሊች» አሉት። ማዳለጥ! በሙያችን ቋንቋ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር ፌይለር ነው፤ ከጀርባው ደግሞ ስም፣ ቦታና ቀን ያለው ዲፌክት አለ።

ሪፖርትህ ላይ እንግዲህ እንዲህ አድርግ። በርዕሱ ላይ «ባግ» ብትል ማንም አይቆጣህም፣ የምትሠሩበት ሲስተምም ምናልባት ሣጥኑን «ባግ» ብሎ ነው የሰየመው። ግሊች አትጻፍ፤ ፕሮግራመሩ «አልፎ አልፎ ነው» ብሎ ወደ ታች ይገፋዋል። ኤረር የሚለውን ስክሪን ላይ ለሚወጣው መልእክት ብቻ ተወው፣ መልእክቱንም ቃል በቃል ገልብጥ። ከዚያ ያየኸውን ጻፍ። «ዕድሜ ላይ ባግ አለ» ብለህ ከላክኸው ተመልሶ ይመጣብሃል። «የልደት ቀን ኦክቶበር 15፣ 2017 ሲገባ ዓመቱ 2009 ዓ.ም. ይወጣል፤ መውጣት የነበረበት 2010 ነው። ፌብሩዋሪ 15፣ 2018 ሲገባ ግን ትክክል ነው» ብለህ ከጻፍክ፣ የሚያስተካክለው ልጅ ሻዩን ሳይጨርስ መስመሩን ያገኘዋል።